ምዕራፍ ሰባት፦ አለት አፈርን እንዴት እንደሚወልድ

የትምህርቱ ዓላማ

ባለፈው ምዕራፍ ስለ ሥዕላዊ ድርሰት ተምራችኋል። ሥዕላዊ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደሚመስል ለአንባቢ ያሳያል። ገላጭ ድርሰት ግን ከዚያ አልፎ ነገሩ ለምንና እንዴት እንዲህ ሊሆን እንደቻለ ያስረዳል። በዚህ ምዕራፍ ምክንያትንና ውጤትን እያያያዘ የሚያስረዳ ምንባብ ታነባላችሁ፤ ለዚህ የሚያገለግሉትን አያያዥ ቃላት ለይታችሁ ታውቃላችሁ፤ በመጨረሻም በአካባቢያችሁ ከሚገኘው አፈር ተነሥታችሁ አንድ ገላጭ ድርሰት ትጽፋላችሁ።

ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ።

1. በአካባቢያችሁ ያለው አፈር ቀለሙ ምን ዐይነት ነው? በክረምትና በበጋ ምን ለውጥ ያሳያል?
2. በደጋ የሚኖር ገበሬ በማሳው ላይ ኖራ ሲበትን፣ በቆላ በረሃ ያለ ገበሬ ግን ጨው ሲያስቸግረው ይታያል። የሁለቱ ችግር የተለያየው ለምን ይመስላችኋል?

ሀ. ምንባብ

አንዱ አለት፣ ብዙው አፈር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጎጃም መንገድ የእንጦጦን ተራራ የተሻገረ መንገደኛ ከፊቱ የሱሉልታን ሜዳ ያገኛል። ሜዳው በክረምት ውሃ የሚያቁር፣ በበጋ ደግሞ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ ጥቁር መሬት ነው። በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ ያቀና መንገደኛ በተዳፋቱ ላይ ቀይ አፈር ይመለከታል። በጅማ መንገድ ሰበታ የደረሰም ከወጨጫ ተራራ ተዳፋት ላይ ቀዩን፣ ከግርጌው በተዘረጋው ሜዳ ላይ ጥቁሩን አፈር ያያል። ሦስቱም ከተሞች ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው የሚርቀውም በአጭር መንገድ ነው። ታዲያ በእንዲህ ያለ ቅርብ ስፍራ አፈሩ ስለምን ተለያየ?

የእነዚህ አፈሮች ሁሉ መነሻ እሳተ ገሞራ የተፋው አለት ነው። የኢትዮጵያን ደጋ በሰፊው የሸፈነው ባዛልት የተባለው ጥቁር አለት መፍሰስ የጀመረው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ወጨጫም ከብዙ ዘመን በፊት የጠፋ እሳተ ገሞራ ሲሆን፣ አለቱ በአብዛኛው ትራካይት ይባላል። በእንጦጦ ላይ ደግሞ ትራካይትና ራዮላይት ይገኛሉ። እነዚህ አለቶች የሚለያዩት በስም ብቻ ሳይሆን በውስጣቸው በያዟቸው ማዕድናትም ነው። ባዛልት ብረት፣ ማግኒዚየምና ካልሲየም በብዛት አለው፤ ከክብደቱም ግማሽ ያህሉ ሲሊካ ነው። ትራካይት ሶዲየምና ፖታሲየም ይበዛበታል። ራዮላይት ግን ከመቶ 70 እጅ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ሲሊካ ስለሆነ ብረቱና ካልሲየሙ ጥቂት ነው። አፈር ከወላጁ አለት የሚወርሰው የመጀመሪያ ሀብት ይህ ነው።

አለት ወደ አፈር የሚለወጠው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው መሰባበር ነው። አለቱ ቀን በፀሐይ ሲግል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ፣ የዛፍ ሥርም በስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ሲወፍር፣ ይፈረካከሳል። መሰባበር የአለቱን መጠን ያሳንሳል እንጂ ማዕድኑን አይለውጥም። ሁለተኛው መሟሟትና መለወጥ ነው። የዝናብ ውሃ ከአየርና ሥር ከሚተነፍስበት አፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ ወደ ደካማ አሲድነት ይለወጣል። ይህ ውሃ ፌልድስፓር ከተባለው ማዕድን ውስጥ ካልሲየሙን፣ ሶዲየሙንና ፖታሲየሙን አሟሙቶ ያወጣል። የቀረው አሉሚኒየምና ሲሊካ እንደገና ተደራጅቶ ሸክላ ይሆናል። ብረቱም ሚስማር በዝናብ እንደሚዝግ ሁሉ ከኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ ይዝጋል፤ አፈሩን የሚያቀላውም ይኸው ዝገት ነው።

ሁለተኛው መንገድ እስከ መጨረሻው እንዲሄድ ውሃው ገብቶ መውጣት አለበት። በተዳፋት ላይ ውሃው ወደ ውስጥ ሰርጎ፣ የሟሟውን ማዕድን ይዞ ይሄዳል። በየክረምቱ ይህ ስለሚደጋገም ካልሲየሙም ሶዲየሙም፣ ከሲሊካውም ከፊሉ ታጥቦ ያልቃል። የሚቀረው ካኦሊናይት የተባለው የማያብጥ ሸክላና የብረት ዝገት ነው። የተዳፋቱ አፈር ቀይ፣ ውሃ የሚያሳልፍና ለማረስ የሚመች የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ካልሲየሙ ስለታጠበ አፈሩ ወደ አሲድነት ያዘነብላል። ከቡራዩ ወደ ምዕራብ በሚገኘው በሆለታ አካባቢና ከዚያም አልፎ ባለው ቀይ መሬት ገበሬዎች ኖራ የሚጨምሩት ይህንኑ አሲድነት ለመቀነስ ነው።

ከተዳፋቱ የታጠበው ማዕድን ግን ጠፍቶ አልጠፋም። ከፊሉ ውሃው በሚተኛበት ሜዳ ላይ ይቀራል። በሱሉልታ ሜዳና ከሰበታ ወደ ደቡብ ምዕራብ በተንጣለለው የበቾ ሜዳ ሲሊካው፣ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ ስለሚከማቹ ስሜክታይት የተባለ ሌላ ዐይነት ሸክላ ይፈጠራል። ስሜክታይት እንደ መጽሐፍ ገጽ በተነባበሩ ስስ ንጣፎች የተሠራ ነው። ውሃ በንጣፎቹ መካከል ሲገባ ያብጣል፤ ውሃው ሲለቀው ደግሞ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። መረሬ፣ ዋልካ ወይም ኮቲቻ እየተባለ የሚጠራው ጥቁር አፈር ይህን ሸክላ በብዛት የያዘ ነው። ብዙ ሰው ጥቁር አፈር ሲያይ በብስባሽ የበለጸገ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ የዚህ አፈር ብስባሽ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ነው፤ ጥቁረቱ ጥቂቱ ብስባሽ ከሸክላው ጋር አጥብቆ ከመጣበቁ የመጣ ነው። ቀለም የአፈርን ታሪክ ይጠቁማል እንጂ ለምነቱን ብቻውን አይመሰክርም።

ገበሬው ይህን ጠባይ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። በክረምት ውሃ በሚተኛበት መሬት ላይ ሣር አብቅሎ ድርቆሽ ያጭዳል፤ ወይም ከፍ ያለ መደብ ሠርቶ ውሃውን በቦይ ያጠነፍፋል፤ አለዚያም ዝናቡ ሲያበቃ አፈሩ በያዘው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ከተማው ወደ ሜዳው ሲሰፋ ግን ያው ጠባይ ለቤት ሠሪው ፈተና ሆነ። መሠረቱ በጥቁሩ አፈር ላይ ያረፈ ቤት፣ አፈሩ በክረምት ሲያብጥና በበጋ ሲኮማተር፣ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ስለዚህ አስተዋይ ግንበኛ ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ አውጥቶ በምትኩ ገረጋንቲ ይሞላል።

የቀረው የታጠበ ማዕድን ደግሞ ረጅም መንገድ ይጓዛል። የእንጦጦ ሰንሰለት የውሃ መክፈያ ነው። በስተሰሜን የሚወርደው የሱሉልታ ውሃ ወደ ሙገር፣ ከሙገርም ወደ ዐባይ ይገባል። በስተደቡብ የሚወርደው የቡራዩና የሰበታ ውሃ ግን ወደ አዋሽ ይፈስሳል። ዐባይ ከኢትዮጵያ ደጋ ያጠበውን ደለል በሱዳን በገዚራ ሜዳና በግብፅ በወንዙ ግራና ቀኝ ሲያስቀምጥ ኖሯል። በገዚራ የሚታየው የሚያብጥና የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር የሱሉልታው መረሬ ዘመድ ነው፤ ወላጁ አለት ከእግሩ ሥር ሳይሆን በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ይገኛል። በግብፅ በረሃ መካከል ያለው የእርሻ መሬትም እንዲሁ የተሠራው በአብዛኛው ከደጋችን በታጠበ ደለል ነው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ በ1970 እ.ኤ.አ. ከተጠናቀቀ ወዲህ ግን ደለሉ ከግድቡ በስተጀርባ ይቀራል።

የአዋሽ ነገር የተለየ ነው። አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ፣ በጅቡቲ ድንበር በሚገኘው በአቤ ሐይቅ ያበቃል። በደጋው በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ሲዘንብ፣ በታችኛው አዋሽ የሚዘንበው 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ፀሐዩ ግን ከዝናቡ ብዙ እጥፍ ውሃ ያተናል። ውሃ ሲተን ማዕድኑን አይወስድም። በመጀመሪያ ካልሲየሙ ኖራ ሆኖ ይረጋል፤ ቀጥሎ ጅፕሰም ይረጋል፤ በቀላሉ የሚሟሟው የሶዲየም ጨው ደግሞ በመጨረሻ ይቀራል። በደጋ አፈሩን ድኻ ያደረገው እጥበት በበረሃ ስለሌለ፣ የበረሃው አፈር በማዕድን ተጨናንቆ ይታመማል።

በበረሃ የወላጅ አለት ኃይል ጎልቶ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው። ውሃ ጥቂት ስለሆነ አለቱ ይሰባበራል እንጂ ብዙ አይለወጥም፤ አፈሩም አባቱን ይመስላል። በኦጋዴን የኖራ ድንጋይና ጅፕሰም ያለበት መሬት ኖራማና ጅፕሰማማ አፈር ይሰጣል። በመካከለኛው አዋሽ እሳተ ገሞራ ከተፋው አለትና ወንዙ ካመጣው ደለል የተሠራው አፈር ሶዲየም ይይዛል። የአሞሌ ጨው ሲቆረጥበት የኖረው የደናክል ዝቅተኛ ስፍራ ደግሞ ጨዉን ያገኘው በጥንት ዘመን ከገባበትና ከተነነው የቀይ ባሕር ውሃ ነው።

የሰው እጅ ሲጨመርበት ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። በመካከለኛው አዋሽ በአሚባራና በመልካ ሰዲ ሰፋፊ የመስኖ እርሻዎች ተቋቁመው ጥጥና ሙዝ ተመርቶባቸዋል። መስኖው በቂ የማጠንፈፊያ ቦይ ስላልነበረው የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ እያለ መጣ፤ ወደ አፈሩ ገጽ እየተሳበ ሲተንም ጨዉን ከላይ ጥሎት ሄደ። በዚህም ሳቢያ ብዙ መሬት ከእርሻ ወጥቶ ጠፍ ሆነ። ሶዲየም የበዛበት ሸክላ ቅንጣቶቹ ስለሚበታተኑ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፤ ውሃም አያሳልፍም። መድኀኒቱ በቦይ ማጠንፈፍ፣ ጨዉን በብዙ ውሃ ማጠብና፣ ሶዲየሙ በዝቶ እንደሆነ፣ ጅፕሰም መጨመር ነው። በጅፕሰሙ ውስጥ ያለው ካልሲየም የሶዲየሙን ቦታ ይወስዳል። በወረር የግብርና ምርምር ማዕከል በጨዋማ አፈር ላይ ምርምር ሲካሄድ የቆየውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ አስተውሉ። በሆለታ ገበሬው ኖራ ይጨምራል፤ በአሚባራ ጅፕሰም ይጨመራል። ሁለቱም ካልሲየምን ለአፈር ይመልሳሉ። በአንዱ ስፍራ ካልሲየሙን ዝናብ አጥቦ ወስዶታል፤ በሌላው ስፍራ ሶዲየም ከቦታው ገፍቶታል። የአፈሩን ታሪክ ያላወቀ ሰው የአንዱን መድኀኒት ለሌላው ሊሰጥ ይችላል። አንድ ሴንቲ ሜትር አፈር ለመፈጠር ብዙ መቶ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፤ ተዳፋቱ ከተራቆተ ግን ጥቂት ከባድ ዝናብ ሊጠርገው ይበቃል። በወጨጫ ተዳፋት ላይ የሚገኘውን የመናገሻ ሱባን ደን መጠበቅ ዛፉን ብቻ መጠበቅ አይደለም፤ ሥሩ የያዘውን አፈርም መጠበቅ ነው።

ለ. የቃላት ፍች

ወላጅ አለት፦ አፈሩ የተገኘበት መነሻ አለት።
ተዳፋት፦ ወደ ታች ያዘነበለ መሬት።
ያቁራል፦ ውሃን ይዞ ያስተኛል።
ሰረገ፦ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ገባ።
ማጠንፈፍ፦ የተከማቸ ውሃን እንዲወርድ አድርጎ ማስወገድ።
ደለል፦ ውሃ ተሸክሞ አምጥቶ የሚያስቀምጠው ደቃቅ አፈር።
ጠፍ፦ የማይታረስ፣ ሰው የተወው መሬት።

ሐ. የምንባብ ጥያቄዎች

1. መሰባበርና መሟሟት በምን ይለያያሉ?
2. የተዳፋቱ አፈር ቀይ፣ የሜዳው አፈር ጥቁር የሆነበትን ምክንያት በየተራ አስረዱ።
3. «ቀለም የአፈርን ታሪክ ይጠቁማል እንጂ ለምነቱን ብቻውን አይመሰክርም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ምን ማለት ነው?
4. ውሃ በበረሃ ሲተን ማዕድናቱ የሚረጉት በምን ቅደም ተከተል ነው?
5. አንድ ገበሬ በጨዋማው የአሚባራ መሬት ላይ የሆለታን ምሳሌ ተከትሎ ኖራ ቢጨምር ትክክል አደረገ ትላላችሁ? መልሳችሁን ከምንባቡ በወጣ ማስረጃ ደግፉ።

መ. ሰዋስው፦ ምክንያትንና ውጤትን የሚያያይዙ ቃላት

ምክንያትንና ውጤትን ለማያያዝ በአማርኛ ልዩ ልዩ መንገዶች አሉ። ከእነዚህ ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ምክንያቱ ቀድሞ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ከውጤቱ ጋር ሲያያዝ «ስለ»፣ «በ . . . ምክንያት»፣ «ከ . . . የተነሣ» ያገለግላሉ።
ምሳሌ፦ ካልሲየሙ ስለታጠበ አፈሩ ወደ አሲድነት ያዘነብላል።

ሁለተኛ፣ ምክንያቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተነግሮ ካበቃ በኋላ ውጤቱ በሌላ ሲነገር «ስለዚህ»፣ «በመሆኑም»፣ «በዚህም ሳቢያ» ያገለግላሉ።
ምሳሌ፦ ጨው በአፈሩ ገጽ ላይ ተከማቸ። በዚህም ሳቢያ መሬቱ ጠፍ ሆነ።

ሦስተኛ፣ ውጤቱ ቀድሞ ምክንያቱ ሲከተል «ምክንያቱም» ወይም በግሱ መጨረሻ ላይ የሚጨመረው «ና» ያገለግላል።
ምሳሌ፦ ግድግዳው ተሰነጠቀ፤ አፈሩ አብጧልና።

ሁለት ስሕተቶችን ተጠንቀቁ።

የመጀመሪያው ምክንያትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ጊዜ ማመልከት ነው። «ሜዳው ውሃ ያቁራል፤ ምክንያቱም አፈሩ ሸክላ ስለሆነ ነው» ብሎ መጻፍ የተለመደ ቢሆንም፣ «ምክንያቱም» እና «ስለ» አንድ ሥራ ስለሚሠሩ አንዱ ትርፍ ነው። «ሜዳው ውሃ ያቁራል፤ ምክንያቱም አፈሩ ሸክላ ነው» ወይም «ሜዳው ውሃ የሚያቁረው አፈሩ ሸክላ ስለሆነ ነው» ማለት ይበቃል።

ሁለተኛው ምክንያትንና ዓላማን ማደባለቅ ነው። «ለመ-» እና «እንዲ-» ብዙውን ጊዜ ዓላማን ያመለክታሉ፤ ዓላማ ደግሞ ፈቃድ ያለው አድራጊ ይፈልጋል። «ገበሬው አሲድነቱን ለመቀነስ ኖራ ይጨምራል» ትክክል ነው፤ ገበሬው አስቦ ያደርገዋልና። «ዝናቡ ተዳፋቱን ለማቅላት ካልሲየሙን ያጥባል» ግን ትክክል አይደለም። ዝናብ ዓላማ የለውም። «ዝናቡ ካልሲየሙን ስለሚያጥብ ተዳፋቱ ይቀላል» ብለን ብናርመውም ሐሳቡ ገና አልተቃናም፤ አፈሩን የሚያቀላው የብረት ዝገት ነውና። እንግዲህ ሰዋስው ሲታረም ሐሳብም አብሮ መመርመር አለበት።

መልመጃ አንድ

የሚከተሉትን ጥንድ ዐረፍተ ነገሮች በቅንፍ ውስጥ በተሰጠው ቃል አያይዛችሁ ጻፉ።

1. ስሜክታይት በውሃ ያብጣል። በላዩ የተሠራ ቤት ይሰነጠቃል። (ስለ)
2. አዋሽ ባሕር አይደርስም። የያዘው ጨው በበረሃ ይቀራል። (በመሆኑም)
3. የበረሃ አፈር ወላጅ አለቱን ይመስላል። በበረሃ ዝናብ ጥቂት ነው። (ምክንያቱም)
4. መስኖው የማጠንፈፊያ ቦይ አልነበረውም። የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ አለ። (ከ . . . የተነሣ)

መልመጃ ሁለት

በምንባቡ ውስጥ «ቀላ» እና «አቀላ»፣ «ተነነ» እና «አተነነ»፣ «ሟሟ» እና «አሟሟ» የመሳሰሉ ጥንድ ግሶች በልዩ ልዩ መልካቸው አሉ። የመጀመሪያው ግስ ነገሩ ራሱ እንደሆነ፣ ሁለተኛው ሌላ አድራጊ እንዳደረገው ያመለክታል። ለሦስቱም ጥንዶች አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩ። በሁለተኛው ግስ ስትጠቀሙ አድራጊው ማን ወይም ምን እንደሆነ በግልጽ ጻፉ።

መልመጃ ሦስት

ከዚህ በታች ያሉት ዐረፍተ ነገሮች ስሕተት አለባቸው። ስሕተቱ የሰዋስው፣ የሐሳብ ወይም የሁለቱም መሆኑን ለይታችሁ አርሙ።

1. አፈሩ ጥቁር ስለሆነ በብስባሽ የበለጸገ ነው።
2. ዐባይ የግብፅን ገበሬ ለመጥቀም ደለል ይወስዳል።
3. ገበሬው ሽምብራ ዘራ፤ ምክንያቱም አፈሩ እርጥበት ስለያዘ ነው።

ሠ. የድርሰት ሥራ

ከመጻፋችሁ በፊት የሚከተለውን ተግባር ፈጽሙ። ከተዳፋት አንድ እፍኝ፣ ከሜዳ አንድ እፍኝ አፈር ውሰዱ። እያንዳንዱን በብርጭቆ ውሃ ውስጥ በጥብጣችሁ እስከ ማግስቱ አስቀምጡት፤ አሸዋው ቶሎ ሲወርድ ሸክላው ቀርፎ እንደሚዘገይ ታያላችሁ። ከየአፈሩም ጥቂት በውሃ ለውሳችሁ እንደ ገመድ አድቦልቡሉት። ሳይቆረጥ የሚረዝመው ሸክላ የሚበዛበት ነው። በሌላ ጥቂት ደረቅ አፈር ላይ ደግሞ የሎሚ ጭማቂ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ አፈሩ የኖራ ማዕድን ሳይኖረው አይቀርም። ያያችሁትን ሁሉ እንደታየ መዝግቡ፤ የጠበቃችሁትን ሳይሆን ያያችሁትን ጻፉ።

ከዚያም «የአካባቢዬ አፈር ከወዴት መጣ?» በሚል ርእስ አምስት አንቀጾች ያሉት ድርሰት ጻፉ። በመንደርደሪያው አንቀጽ ሁለቱን አፈሮች አስተዋውቁ። በሐተታው ሦስት አንቀጾች በቅደም ተከተል ስለ ወላጁ አለት፣ ውሃ በአለቱ ላይ ስላደረገው ለውጥና አፈሩ በሰው ኑሮ ላይ ስላስከተለው ውጤት አስረዱ። በመደምደሚያው አንቀጽ አፈሩን በመጠበቅ ረገድ በእናንተ አካባቢ ሊደረግ ይገባል የምትሉትን አንድ ነገር ከነምክንያቱ አቅርቡ።

ስትጽፉ ሦስት ነገሮችን አትርሱ። በየአንቀጹ አንድ ዋና ሐሳብ ብቻ ይኑር። ለእያንዳንዱ ውጤት ምክንያቱን፣ ለእያንዳንዱ ምክንያት ማስረጃውን ስጡ። አንድ ነገር ከሌላው በኋላ ስለመጣ ብቻ የፊተኛው የኋለኛውን አመጣው አትበሉ፤ በመካከላቸው ያለውን መንገድ አሳዩ።

ጽፋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ደብተራችሁን ከጎናችሁ ካለ ጓደኛ ጋር ተለዋወጡ። ጓደኛችሁ ምክንያትንና ውጤትን ባያያዘበት ቦታ ሁሉ ከሥሩ መስመር አስምሩ፤ መያያዣው የላላበትን ስፍራ በትሕትና አመልክቱት። ከዚያም የራሳችሁን አርማችሁ እንደገና ገልብጡ።